የሁለቱ ወፎች ቋጠሮ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» በሉኝና ልቀጥል።

በአንድ ወንዝ ዳር፣ አንድ ዛፍ ላይ ሁለት ጎጆ ሠሪ ወፎች ነበሩ፤ አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ጥቁር። ሣርን ከቅርንጫፍ ጋር ጥብቅ አድርጎ የሚይዘውን ቋጠሮ «የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ተባባሉና ተካሰሱ። ዳኛው ችኮላ የማይወደው ጉሬዛ ነበር። «ፍርድ እስክሰጥ ድረስ እንደ አባቶቻችን ወግ ተቆራኝታችሁ ጠብቁኝ» አላቸው። እግር ለእግር ተሳሰሩ፤ የታሰሩትም በዚያው በሚካሰሱበት ቋጠሮ ነበር።

በዚያው ዛፍ ላይ እንቁላል መጣያዋ የደረሰ አንዲት ግራጫ ወፍ ትኖር ነበር። እባብ የማይገባበት፣ በሩ ወደ ታች የዞረ ጎጆ በሐሳቧ ሠርታ ጨርሳለች፤ የቀራት ቋጠሮው ብቻ ነው።

«ወንድሞቼ፣ እባካችሁ አሳዩኝ» ብላ ለመነቻቸው።

በምንም የማይስማሙት ሁለቱ በዚህ ተስማሙ። «ብትነኪው አንቺንም እንከስሻለን!»

ፈራች። የለቀመችውን ሣር ጥላ የዛፉ ስንጥቅ ውስጥ እንቁላሏን ጣለች።

ጉሬዛው ገና ሲያስብ እባብ መጣ። ስንጥቁን ባዶ አድርጎ ወደ ባለጉዳዮቹ ወጣ። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ሊበር ሲል ቋጠሮው ከረረ።

«እህታችን፣ ድረሽልን! ፍቺን!»

እንቁላሏን ያጣችው ወፍ መጣች። በምንቃሯ ጎተተችው፤ ንቅንቅ አላለም።

«ወንድሞቼ፣ ሲታሰር ያላየሁትን እንዴት አድርጌ ልፍታው?»

እባቡ ግን ቋጠሮው የማን እንደሆነ አልጠየቀም።

ተረቴን የፈለገ ይውሰደው፤ የእኔ ነው ብዬ አልከስም።