እሳቸው ይቅደሙ

አንድ ሰው ነበር። ትሑት ሰው ነው ይባልለታል። በር ላይ ሌላውን ሳያስቀድም አይገባም፤ ማዕድ ቀርቦ ሌላው ሳይቆርስ አይቆርስም። ሰፈሩ ሁሉ “እንደ ጋሽ ቢሻው ያለ ጨዋ ከየት ይገኛል?” ይል ነበር። እኔም እል ነበር።

ይህ ጨዋ ሰው ከታናሽ ወንድሙ ከምትኩ ጋር አምስት ዓመት አልተነጋገረም። እናታቸው ያረፉት ምትኩ ቤት ነው። ሦስት ዓመት ያስታመማቸውም እሱ ነው። ቢሻው ግን ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “እናቴን የገደልካት አንተ ነህ!” አለው።

ሐዘን ነው ያናገረው እንበል። ሐዘኑ ከበረደ በኋላስ? ከበረደ በኋላ መበደሉን አወቀ። ታዲያ ለምን አልሄደም? “ታላቅ ነኝ። ታናሽ ነው ወደ ታላቁ የሚመጣው” አለ። በር ላይ ሌላውን ያስቀድማል፤ ለእርቅም ሌላውን ያስቀድማል። ጨዋ ነው አላልኳችሁም?

ልጆቻቸው በዚህ ሰለቹ። ተደዋውለው መከሩና፣ አንዱ የሌላውን መምጣት ሳያውቅ፣ “ደን እናስጎብኛችሁ” ብለው ሁለቱንም አባቶች በተለያየ መኪና ወደ ደቡብ ምዕራብ ይዘዋቸው ወረዱ። ዝናብ የማይለየው ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። እዚያ ዚፕላይን የሚባል ነገር አለ። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው፣ በገደል ላይ፣ የብረት ገመድ ተወጥሯል፤ ሰው ወገቡን ታጥቆ ይንጠለጠልና ይንሸራተታል። ወዶ! ማንም ሳያስገድደው! ወንድማማቾቹ የተያዩት እዚያ ዛፍ ላይ ወጥተው፣ ሄልሜት ከደፉ በኋላ ነው።

አስጎብኚያቸው ዓለምነሽ የምትባል ቆፍጣና ሴት ናት። የሁሉንም ቀበቶ አጠባበቀችና አስጠነቀቀች፦

“ጓንት ያጠለቃችሁበት እጅ ፍሬናችሁ ነው። ማዶ ያለው ባልደረባዬ እጁን ሳያወዛውዝ ገመዱን እንዳትጫኑ! ቀድሞ ፍሬን የያዘ ሳይደርስ ይቆማል። የቆመ ደግሞ ወደ መሐል ይመለሳል።”

ልጆቹ አንድ በአንድ እየጮኹ ሄዱ፤ እንደ ደረሱም ወደሚቀጥለው ገመድ አለፉ። ወንድማማቾቹ ቀሩ።

“ቀጥሎ ማነው?” አለች ዓለምነሽ።

ቢሻው ወንድሙን ሳያይ፣ “እሳቸው ይቅደሙ” አለ።

እሳቸው! አንድ ቁምጣ ተራ በተራ እየለበሱ አብሮት ያደገውን ታናሽ ወንድሙን “እሳቸው” አለው። ዓለምነሽ በትሕትናው ፈገግ አለች። ምትኩ ግን ገብቶታል፤ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ሄደ።

“አሁን እርስዎ ነዎት፣ አባቴ።”

“አንቺ ቅደሚ።”

“እኔማ ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ነኝ። ከፍታ ይፈራሉ እንዴ?”

ቢሻው ሳቀ። ሠላሳ ዓመት የመብራት ምሰሶ ላይ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። “ከፍታስ አልፈራም፣ ልጄ” አላት። “መድረሱን ነው የፈራሁት።”

ለምን መሰላችሁ? ማዶ ያለው ማረፊያ በአንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ግንድ ዙሪያ የተገጠመ ጠባብ የእንጨት ወለል ነው። የደረሰ ሁሉ እንዳይወድቅ በዚያው ግንድ ይታሰራል። የተጣሉ ሰዎች ለቅሶ ቤት ቢገናኙ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ጥግ ይቀመጣል። ዛፍ ላይ ምን ጥግ አለ?

ሄደ። ገደሉ ከሥሩ አለፈ፤ ጉሬዛዎቹ አለፉ። የምትኩ ፊት እየቀረበ፣ እየጎላ መጣ። ማዶ ማንም እጁን አላወዛወዘም። የቢሻው እጅ ግን ገመዱን ተጫነ። ሊደርስ ሁለት ክንድ ሲቀረው ቆመ፤ ከዚያም ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር።

ተቀባዩ አስጎብኚ የሚወረውርለትን ገመድ መፍታት ጀመረ። ምትኩ አልጠበቀም። ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ ክንዱን ሰደደ።

“ጋሼ! ጋሼ፣ እጅህን!”

በዚያ ድምፅ “ጋሼ” ከተባለ አምስት ዓመቱ ነው። እጁን ሰጠው።

ወለሉን ከረገጠ በኋላም የወንድሙን እጅ አልለቀቀም። “እማዬን አንተ አልገደልካትም” አለው። “ሦስት ዓመት ያኖርካት አንተ ነህ። ሰው ፊት ዋሸሁብህ። ይቅር በለኝ።”

“እንዳልገደልኳትማ አውቃለሁ፣ ጋሼ” አለ ምትኩ እያለቀሰ። “ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው የጠበቅሁት።”

ወገኖቼ፣ ምትኩ ባይይዘው ኖሮ ቢሻው ይሞት ነበር ብዬ አላስፈራራችሁም። አይሞትም። ገመዱ አይበጠስም። መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር እንጂ። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። የተጣላ ሰው አይሞትም! ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይዘምራል፣ ልጅ ይድራል። መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ሃያ ዓመት መኖር ይቻላል። አልኖራችሁም? አልኖርንም?

ወደ ወንድማችሁ የሚያደርሰውን መንገድ እግዚአብሔር ዘርግቶላችኋል። ፍሬን የያዘው የማን እጅ ነው? እሱ ወደ እኛ ሲመጣ እኮ “በዳዩ ይቅደም” አላለንም። ጠላቶቹ ሳለን መጣ። ታላቃችን አይደለም እንዴ?

ይህን ስናገር የአንድ ሰው ፊት ድቅን ያለባችሁ አላችሁ። ቁጥሩ ስልካችሁ ውስጥ አለ። ስንት ጊዜ ስልክ ቀየራችሁ፤ ያንን ቁጥር ግን አላጠፋችሁትም። ለምን እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።

የመዝጊያው ጸሎት ይቆየን። ውጡና ደውሉ። እኛ እዚሁ እንጠብቃችኋለን።