በሰልስቱ ገመድ የሚያዝበት ምክንያት

በጭላ አምባ ሰው ሲሞት በሦስተኛው ቀን፣ ሰልስቱ ተበልቶ ለቀስተኛው ሊነሳ ሲል፣ ዋናው ሐዘንተኛ ብድግ ይልና «ቤት የሚቀጥል ጎረቤት አለኝ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አለሁ የሚል ከተገኘ ሐዘንተኛው ጥቁሩን እንደለበሰ ወጥቶ የገመዱን ጫፍ ይይዛል፤ ወሰኑም እዚያው ይለያል። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ እንባቸው ሳይደርቅ ስለ መሬት ያወራሉ እያለ ይታዘበናል። አይፈረድበትም።

እንደሚነገረው፣ ልማዱ የመጣው ደብሪቱ በምትባል ባሏ በሞተባት ሴት ምክንያት ነው። ደብሪቱ ስንዱ የምትባል አንዲት ሴት ልጇን ከዱርማ ወንዝ ማዶ ድራ ነበርና፣ ስንዱ የመጀመሪያዋን ስታረግዝ «እማዬ፣ እጅሽ ላይ ነው የምወልደው፤ ጓዳ ቢጤ ቀጥይልኝ፣ ዱርማ ሳይሞላ እመጣለሁ» ብላ ላከች። ቤቱ ከብትም ሰውም አብሮ የሚያድርበት አንድ ክፍል ስለነበረ ለአራስ የሚሆን ጥግ አልነበረውም። እናት በደስታ ሳምንት ሳይሞላ ምሰሶውንም ማገሩንም አስቆርጣ ደጇ ላይ አስከመረች።

ችግሩ ጓዳው የሚቀጠልበት ጎን ላቀው ከሚባለው ጎረቤቷ ይዞታ ጋር መዋሰኑ ነው፤ የወሰኑን ድንጋይ ደግሞ ጎርፍ ደፍኖታል። ድንበርተኛው ገመድ ሳይዝ የተተከለ ምሰሶ ይነቀል ነበር ይባላል። ደብሪቱ ልትጠይቀው ነጠላዋን ባጣፋችበት ማለዳ ከላቀው ቤት ዋይታ ተሰማ። የላቀው ሚስት ሞታ ነበር።

እንዲህ ባለ ቤት ገብቶ ስለ ወሰን ማን ያነሳል? ደብሪቱ አርባው እስኪወጣ ብላ አፏን ያዘች፤ ጠዋት ማታ ለቅሶ እየደረሰች ስለ ጓዳው ትንፍሽ ሳትል ትመለሳለች። ላቀውም በበኩሉ የተከመረውን እንጨት በየቀኑ ያያል፤ ነገሩ ገብቶታል፤ ግን ሚስቱን ቀብሮ ወደ መሬቱ ሮጠ እንዳይባል ዝም አለ። ይሉኝታ ሁለቱንም አሰራቸው። በመካከሉ ስንዱ ሁለት ጊዜ «ደረሰልኝ ወይ?» ብላ ላከች፤ እናቷም ሁለቴ «ትንሽ ታገሺኝ» አለቻት።

አርባው በወጣ ማግስት ላቀው ራሱ ገመድ ይዞ መጣ። ሲለኩት ወሰኑ ሊተከል ከታሰበው ምሰሶ ስምንት ክንድ ይርቃል። ሽማግሌዎቻችን ስምንት ነው ሰባት ነው እያሉ ዛሬም ይሟገታሉ፤ የሚያጣላ መሬት እንዳልነበረ ግን ሁሉም ይስማማሉ። ጓዳው ባስራ አንድ ቀን አለቀ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በአሥረኛው ቀን ዱርማ ሞልቶ ነበር።

ስንዱ ማዶ ወለደች። ውሃው ሳይጎድል የባሏ ዘመዶች መሬት ፍለጋ ወደ ሩቅ ቆላ ሲሰደዱ እሷም ልጇን አዝላ አብራ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ጠፋ። ደብሪቱ እስክትሞት ድረስ ያንን ጓዳ በየቅዳሜው ትለቀልቀው ነበር ይባላል። ልጁ ሴት ይሁን ወንድ እንኳ የነገራት የለም፤ እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ከዓመታት በኋላ የላቀው ወንድም ሲሞት፣ ላቀው በሰልስቱ ለቀስተኛው ፊት ቆሞ ቤት የሚቀጥል ጎረቤት እንዳለ ጠየቀ። አበደ ብለው አጉረመረሙ። ደብሪቱ ግን ከሴቶቹ መሀል ሆና ቀና ብላ አየችው።

«የሞተውማ ደርሷል» አላቸው። «የሚቸገረው ገና የሚመጣው ነው።»

ባለፈው ዓመት አባቴን ቀብሬ በሰልስቱ እኔም ቆሜ ጠየቅሁ። ልጅ የሌላቸው ጎረቤቴ እማማ ዘርትሁን «አለሁ ልጄ፣ አንዲት ክፍል ልቀጥል ነው» አሉ።

«ማን ሊመጣልዎት ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ» አሉኝ፣ የገመዱን ጫፍ እያቀበሉኝ። «ከመጡ በኋላ እንዳልጀምር ብዬ ነው።»