የሸኽ ሙዘይን የሳል መድኃኒት

ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ እኛ የምንረሳውን እሱ አይረሳም።

ይህን ታሪክ አዛብቼ አስታውሼው ሊሆን ይችላል። ከኡስታዜ ከኑርሁሴን የሰማሁት የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። እሳቸው ከአባታቸው ሰሙ፤ አባታቸው ደግሞ ነገሩን በዓይኑ ካየ ሰው። የዚያን ሰው ስም ኡስታዜ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን አልጻፍኩትም። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆንኩበት ቦታ ስደርስ እናገራለሁ፤ አንባቢም በዚያው መጠን ይቀበለኝ።

ከቆላ ወደ ደጋ በሚወጣው የጨው መንገድ ላይ አንዲት የጥንት ከተማ ነበረች። የሰዉ ኑሮ በጋማ ከብት ጀርባ ላይ ነው። በበጋ ወራት ታዲያ ፈረሶቹን ሳል ይይዛቸዋል። ጎናቸው እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ዳገት መሐል ይቆማሉ። ሳል የጸናበት ፈረስ ጭነት አይችልም፤ ፈረሱ ሲወድቅ ባለቤቱም አብሮ ይወድቃል።

የዚህን ሳል መድኃኒት የሚያውቁት ሸኽ ሙዘይን ነበሩ። ሸኹ ቁርኣንና ፊቅህ የሚማሩ ሰላሳ ያህል ደረሶች የሚያድሩበት ዛዊያ ነበራቸው። መድኃኒቱን የወረሱት ከአባታቸው ነው፤ የደረቀ ጦስኝና አብሽ አብሮ ተወቅጦ ይዘጋጃል። ጥቁር አዝሙድም ነበረበት ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከማን እንደሰማሁ ግን አላስታውስም። አሰጣጡ እንዲህ ነው፦ ጭዱ ላይ ውሃ ይረጫል፣ ዱቄቱ ይነሰነስበታል፣ ይታሻል፤ ጠዋትና ማታ፣ እስከ አርባ ቀን። ውሃው ዱቄቱን ከጭዱ ጋር እንዲያጣብቅ ነው እንጂ ሌላ ሥራ ያለው አይመስላቸውም ነበር። ፈረሶቹ ይሻላቸዋል። ባለቤቶቹም ማሽላና ገብስ ለዛዊያው ያመጣሉ። ደረሶቹ የሚያድሩት በዚሁ እህል ነው። እንዲህ ሆኖ ሃያ ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ እመት ረውዳ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ዳማ ፈረሳቸውን እየሳቡ መጡ። መድኃኒቱን የወሰዱት ከሁለት ወር በፊት ነበር።

«ሸኾቼ፣ አውፍ ይበሉኝ» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ።

«ምን አጠፉ፣ እመት?»

«መድኃኒትዎን ወንዝ በላው። የዚያኑ ዕለት ስሻገር ከረጢቱ ከትከሻዬ ሾለከ። ተመልሼ እንዳልነግርዎ አፈርኩ። ይቺ ባልቴት ከረጢት እንኳ መያዝ አትችልም ይሉኛል ብዬ።»

«ፈረሱስ?»

«ፈረሱማ ምን ሆነ! ትላንት ጨው ጭኖ ዳገቱን ወጣው። እኔ ነኝ ከኋላው ሳለከልክ የነበርኩት።»

«ታዲያ ምን ሰጡት?»

«ምንም። ጭዱን አርሱት ብለውኝ አልነበር? አራስኩት። ቢስሚላህ እልና እረጫለሁ። እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ነው እንጂ፣ ውሃ ምን ያደርጋል ብለው ነው?»

ሸኹ ተነሥተው ወጡ። ጆሯቸውን ከፈረሱ ጎን አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዳመጡ። የሚያፏጭ ነገር የለም።

«አውፍ ብያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እርስዎም ለእኔ ዱዓ ያድርጉልኝ።»

እመት ረውዳ ዱዓው ለምን እንዳስፈለገ ሳይገባቸው ሄዱ።

ሌላ ሰው ቢሆን አጋጣሚ ነው ብሎ ይተወው ነበር። እኔም ብሆን የምተወው ይመስለኛል። ሸኹ ግን የሚያስሉ አራት ፈረሶች ከባለቤቶቻቸው ለምነው አመጡ። አራት ይሁኑ ስድስት እርግጠኛ አይደለሁም፤ እኩል ለሁለት መከፈላቸውን ግን ኡስታዜ ደጋግመው ነግረውኛል። ለግማሾቹ ዱቄቱን በማር ለውሰው በአፋቸው ሰጡ፣ ጭዱን ግን በደረቁ አበሏቸው። ለቀሩት ዱቄት አልሰጡም፤ ጭዳቸውን ብቻ በውሃ አራሱ። በአርባኛው ቀን ማር የላሱት እንደሳሉ ነበሩ። ጭዳቸው የራሰው ዝም ብለዋል። ሸኹ ያን ጊዜ አንድ እፍኝ ደረቅ ጭድ አንስተው ፀሐይ ላይ አራገፉት። ብናኙ እንደ ጭስ ተነሣ። ፈረሶቹ በየበጋው ወደ ሳንባቸው ሲስቡት የኖሩት ይህን ነበር።

ሸኹ ይህን መጀመሪያ የነገሩት ለሚስታቸው ወንድም ለሐጂ ሚፍታሕ ነው። የዛዊያውን ጎተራ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

«ሙዘይን፣ ጤነኛ ነህ?» አሉ ሐጂ።

«አልሐምዱሊላህ።»

«እንግዲያው ዝም በል። ፈረሱ ድኗል፣ ባለቤቱ ተደስቷል፣ ደረሳው በልቷል። ማን ተጎዳ?»

«ማንም።»

«ውሃውንስ ቢሆን አብረህ ታዝ የለም? ምኑን ዋሸህ?»

«እስከ ትላንት አልዋሸሁም።»

«ጦስኙም እኮ ክፉ አይደለም። ጉሮሮ ያለሰልሳል።»

«ያለሰልስ ይሆናል። ሰው እህል ተሸክሞ የሚመጣልኝ ግን ለማለስለሻ አይደለም።»

ሐጂ ሚፍታሕ እጃቸውን ወደ ዛዊያው ዘረጉ። «እነዚያን ሰላሳ ነፍሶች ምን ልታበላ ነው ታዲያ? ጭድ?»

በማግስቱ ጁሙዓ ነበር። ሶላቱ እንዳበቃ ሸኽ ሙዘይን ከመስጊዱ በር ላይ ቆሙ።

«ለፈረስ ሳል ስሰጣችሁ የኖርኩት ዱቄት አልነበረም የሚያሽረው» አሉ። «ሺፋው ከአላህ ነው፤ ሰበቡ ደግሞ ውሃው ነው። ጭዱን አርሳችሁ አብሉ። ከእንግዲህ ወደ እኔ አትምጡ፤ ወደ ምንጩ ሂዱ። ያመጣችሁት እህል ተበልቷል፣ የምመልሰው የለኝም። አውፍ በሉኝ።»

ከዚያ ከኋላ አንድ ነጋዴ፦

«እና ሸኾቼ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ጭድ አበሉን?»

«ጭዱንስ የበሉት ፈረሶቹ ናቸው» አሉ ሸኹ።

ሰዉ ሳቀ። ሁሉም ግን አልሳቀም። «አውፍ ብለናል» ያሉ ነበሩ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው የሄዱም ነበሩ።

ሐጂ ሚፍታሕ አጠገባቸው መጥተው ቀስ ብለው «አሁን ምን አተረፍክ?» አሏቸው።

ሸኹም «ውሃውን አላህ በነፃ አወረደው፤ እኔ መሐል ገብቼ ባለቤት አልሆንበትም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ሁለት ወሬ ሰምቻለሁ። አንደኛው የከተማዋ ሰው በሸኹ ሐቀኝነት ተደንቆ እህሉን እጥፍ አድርጎ አመጣ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ በዚያ ዓመት ጎተራው ባዶ ሆነ፣ ከሰላሳው ደረሶች አሥራ አንዱ ብቻ ቀሩ፣ ሸኹም በስተርጅና እርፍ ጨበጡ ይላል። ኡስታዜ ሁለቱንም ሳያበላልጡ ነገሩኝ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ደስ የሚል መጨረሻ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ቶሎ ይራባል፤ የጎተራ መጉደልን ግን ፈጥሮ የሚያወራ ሰው የሚኖር አይመስለኝም።

ስለ ሸኹ ቃልም ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሃያ ዓመት የሰጡት ዱቄት ማታለል አልነበረም፤ አያውቁም ነበርና። ያው ዱቄት፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ኒያና ሐሳብ፣ ካወቁ በኋላ አንድ ቀን ቢሰጥ ኖሮ ግን ማታለል ይሆን ነበር። ዱቄቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰውየው እውቀት ነው። ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ትላንት ሳናውቅ ሐላል የነበረልንን ነገር፣ ዛሬ ካወቅን በኋላም በትላንቱ ፈቃድ ልንበላው እንፈልጋለን። ተሳስቼ ከሆነ አላህ ይማረኝ፤ እሱ የበለጠ ያውቃል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ራሴ ያረጋገጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ታሪኩ የተፈጸመባት ናት ወደተባልኩት ከተማ ሄጄ ነበር። የሸኹን መቃብር የሚያሳየኝ አጣሁ። ስለ ጦስኙና ስለ አብሹ የጠየቅኳቸው ስድስት ሰዎች አንዳቸውም አልሰሙም። ልመለስ ስል በአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አንድ ሸምገል ያለ ጋሪ ነጂ ለፈረሱ ጭድ ሲያቀርብ አየሁ። ከቢጫ ጀሪካን የሆነ ነገር እያፈሰሰ ጭዱን ያሻል።

«ምን እየጨመሩበት ነው?» አልኩት።

«የሸኽ ሙዘይንን መድኃኒት» አለኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

ቀና ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ውሃ ነዋ!»