የልብስ ሰፊው ሚስት ሳል

ፊታውራሪ ዳምጠው የቴኒስ ክለቡ ሊቀመንበር ነበሩ። ለዋንጫ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ገጠሙ፤ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል ተባለ። ልብስ ሰፊው ሁለቱንም ሲያሸንፍ ፊታውራሪ፣ «የትልቅ ሰው ጨዋታ አምስት ዙር ነው» ብለው አስቀጠሉት።

አሽከሮቻቸው ከዳር ሆነው፣ «ጌታዬ፣ በግራው! በግራው!» እያሉ ይመክሯቸዋል። ሦስተኛውንም ሊሸነፉ ሲሉ የልብስ ሰፊው ሚስት ሳለች።

«ከዳር መምከር ክልክል ነው!» ብለው ጮኹ ፊታውራሪ። «በሳሏ ምልክት ሰጥታዋለች። እሷ ትውጣ፤ ዋንጫውም የእኔ ነው!»

ዳኛው አንገቱን ደፋ። ሴትዮዋ ግን ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ባሌ ስስል ቀርቶ ስጮኽም ሰምቶኝ አያውቅም። ምክሬን የሚሰማ ቢሆንማ፣ በተሸነፉ ቁጥር ሕግ ከሚለውጡ ሰው ጋር መቼ ይገጥም ነበር?»