ለሸማኔው ልጅ የተቆፈረ ጉድጓድ

አንድ ሸማኔ ነበረ። «በራሱ ጥረት እዚህ የደረሰ ሰው በሹመቱ ቀን ማንን ያመስግን?» ላልኸኝ መልሱ እሱ ጋ ስላለ፣ ልጄ፣ ታግሠህ ስማኝ።

በዚያ መንደር የወንድ ልጅ እግር የሽመናውን መርገጫ ለመርገጥ ሲደርስ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ከአባቱ ጎን ጉድጓድ ይቆፍርለታል። ልጁም እግሩን እዚያ ሰድዶ እስኪያረጅ ይሸምናል። ጎረቤቶቹ ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ ሰው ከፍ ብሎ እንዳይወድቅባቸው አስቀድመው ጉድጓድ ያስገቡት ነበር።

የሸማኔው ልጅ ግን ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ትምህርቱም ገብቶታል። አባትየው ቁፋሮውን ዛሬ ነገ እያለ ሲያመነታ ጎረቤቶቹ አዘኑለትና ዶማቸውን ይዘው ከች አሉ። የመጣን ሰው መመለስ ነውር ነው። ሸማኔው ጠላ እየቀዳ ያያቸው ጀመር። ጥቂት እንደቆፈሩ አለት ገጠማቸው።

«ለልጅ እግር ይበቃል!» ብለው አቆሙ።

ያን ጊዜ ሸማኔው አካፋ አነሣ። የወጣውን አፈር በሙሉ የራሱ ጉድጓድ ውስጥ መልሶ ደለደለና፣ ሄዶ አዲሱ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ከአገጩ ገጠመ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ! ይሄ እኮ የልጅህ ነው!»

«ለወገቤ ተስማማኝ።»

«ታዲያ ልጁ የት ሊቀመጥ ነው?»

«እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነው። ቦታ የለማ! እስኪገኝለት ትምህርት ቤት ይቀመጥ።»

«ሚኒስትር ሊያደርገው ነው!» እያሉ ሲስቁ ዋሉ።

ሸማኔው አሥራ ሁለት ዓመት ተጣጥፎ ሸመነ። ሚስቱ ጉልበቱን በቅቤ ስታሸው ጎረቤቶቹን ይመርቅ ነበር። «አለቱ ጋ ማቆማቸው በጀኝ፤ ጠለቅ ቢል ኖሮ ይመቸኝና ለምን እዚህ እንደገባሁ እረሳው ነበር» ይላል።

ልጁ ተመርቆ የመጣ ዕለት አባቱ ሊነሣ ሞከረ፤ እግሩ አልዘረጋ አለው። ልጁ በአዲስ ሱፉ አፈሩ ላይ ተንበርክኮ ጉልበቱን ሳመ።

«ኧረ ሱፍህን!» አለ አባት።

እንግዲህ ልጄ፣ አንተም ጥረሃል፤ ማን ይክድሃል? ያም ልጅ ጥሯል። የጎረቤቱ ልጅ ግን ከእሱ ባላነሰ ይጥር ነበር፤ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ። አንተን ትምህርት ቤት ያስቀመጠህ፣ በአንተ ፈንታ ተጣጥፎ የኖረ ሰው ማን እንደሆነ እኔ አልነግርህም። እናትህ በሕይወት አሉ። የሹመት ንግግርህን ከመጻፍህ በፊት ሄደህ ጠይቃቸው።