ፀሐይ የጠጣችው ገንዳ

አቶ ሽብሩ ግቢያቸው ውስጥ መዋኛ ገንዳ አሠሩ። ገንዳው ግን ቢሞሉት ቢሞሉት ይጎድላል። ከሠሪው ጋር ጭቅጭቁ ሲበዛ ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ።

ሠሪው ኢንጂነር ደባልቄ ከረባቱን እያስተካከለ፣ «እኔ የሠራሁት ገንዳ አያፈስም! ውሃውን የጠጣችው ፀሐይ ናት!» አለ። ሽማግሌዎቹ የተማረ ሰው ተናግሮ ምን ይበሉ?

ከአቶ ሽብሩ አጥር ሥር የምትኖር ጎረቤት ግን የጭቃ ቤቷ ርሶ ሊናድባት ነውና ብድግ አለች።

ኢንጂነሩ ገላመጣትና፣ «አንቺ ደግሞ ፀሐይ ውሃ አትጠጣም ልትዪ ነው?» አላት።

«ኧረ ትጠጣ ጌታዬ! ማን ይከለክላታል?» አለች ነጠላዋን እያጣፋች። «እኔን የቸገረኝ፣ እናንተ ጋ ስትጠጣ ውላ እኔ ግድግዳ ላይ መሽናቷ ነው።»