የገለባው ጥጃ

ላሞቹን በመልካቸው እንጂ በቁጥራቸው የማያውቅ አንድ ሰው ነበረ። አንተ ልጄ፣ «የኔታ፣ ሕፃን ልጅ በድኻ እናቷ ቤት ከምትራብ በሀብታም አያቷ ቤት ብትጠግብ ምን ነውር አለው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ነገ በዚሁ ነገር ለሽምግልና እንደምትቀመጥም ነገርኸኝ። እንግዲያው ከመቀመጥህ በፊት የዚህን ሰው ነገር ስማ።

ሰውየው አንድ ወንድ ልጅ ነበረው፤ ሞተበት። የልጁ ሚስት አንጓች የሦስት ዓመት ሴት ልጇን ይዛ ቀረች። ከባሏ ጋር ድንጋዩን ለቅመው፣ ጉቶውን ነቅለው ያቀኑት የወንዝ ዳር መሬትም ነበራት። ሀብታሙ ያን መሬት ፈለገ። በጉልበት ቢያስለቅቃት ሰው ይታዘበዋል፤ ስለዚህ መሬቱን ለጊዜው ትቶ ልጅቷን ወሰደ። «የሟቹ ልጄ ምትክ ናት፣ እኔ ላሳድጋት» አለ። አገሩም «ምን ያለ ደግ አያት ነው!» አለ። አገር መቼም የጠገበ ሰው ሲናገር መስማት ይወዳል።

ከዚያ ወዲያ አንጓች ልጇን የምታየው በእሱ ፈቃድ ሆነ። አረም ሲደርስ «ነይና ልጅሽን እዪ» ብሎ ይልክባታል። ትመጣለች። ሠራተኛይቱ ልጅቷን አዲስ ቀሚስ አልብሳ፣ ክንዷን ይዛ ደጃፍ ላይ ታቆምላታለች። «እማ!» ስትላት እናቲቱ ሮጣ ታቅፋታለች፤ አቅፋ ሳትጠግብ ልጅቷ ተስባ ወደ ውስጥ ትገባለች። እናት ማታ ደግሜ አያታለሁ ብላ ቀኑን ሙሉ የሀብታሙን ጤፍ ስታርም ትውላለች። ማታ «ተኝታለች» ይሏታል። እንዲህ አድርጎ አረሙን አሳረማት፣ አጨዳውን አሳጨዳት፣ የመሬቷንም እኩሌታ በአሻራዋ ተቀበላት። ይህን ደግነት ነው የሚል ምላስ ይቆረጥ!

የቀረውን እኩሌታ ለመውሰድ ሽማግሌ ሰበሰበ። ጠቦት አረደ፣ ጠላ አስጠመቀ። ሽማግሌዎቹ በልተው ጠጥተው ሲያበቁ ወረቀቱ ተዘረጋ። ከመካከላቸው አንዱ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «ልጄ፣ አሻራሽን አኑሪና ልጅሽ ለበዓሉ ካንቺ ዘንድ ትሰንብት። አማትሽ ክፉ አያስቡልሽም» አላት። ሠራተኛይቱም እንደ ልማዷ ልጅቷን ክንዷን ይዛ ደጃፍ ላይ አቆመቻት።

የአንጓች አውራ ጣት ቀለም ነክቶ ነበር። ቀና ብላ ልጇን አየች፤ ከልጇ ጀርባ ደግሞ በረቱን አየች። ጥጃ የሞተባት አንዲት ላም እየታለበች ነበር። ከብት አርቢ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የሞተው ጥጃ ቆዳ ተገፍፎ፣ ገለባ ተሞልቶ፣ ጨው ተነስንሶበት ከፊቷ ቆሟል። ላሚቱ ልጄ ነው ብላ እየላሰች ወተቷን ትለቃለች።

አንጓች ተነሥታ በረት ገባች። የገለባውን ጥጃ በእግሩ ይዛ እየጎተተች አመጣችና በሽማግሌዎቹ መካከል፣ በወረቀቱ ላይ ጣለችው።

«አባቶቼ፣» አለች፣ «ያቺ ላም ልጇ ሞቶባት በገለባ ትታለባለች፤ እንስሳ ናትና አይፈረድባትም። እኔን ግን ልጄ በሕይወት እያለች ከሩቅ እያሳያችሁ ስታልቡኝ ዓመት ሆነኝ። በቃኝ!»

ሀብታሙ ብድግ አለ። «የበላሽበትን ወጪት ሰባሪ! ልጅቷን ይዘሽ ከዚህ ግቢ ብትወጪ ስንዝር መሬት አታገኚም!»

«የመሬቱን ዳኛ ይፍረደው» አለችው። «ልጄን ግን የወለድኳት እኔ ነኝ፤ ለእሷ ዳኛ አልፈልግም። ዞር ይበሉልኝ!»

ሠራተኛይቱ የልጅቷን ክንድ ለቀቀች። አንጓች ልጇን አዝላ፣ በነጠላዋ አጥብቃ አስራ፣ በሽማግሌዎቹ መካከል አልፋ ሄደች። ሊያስቆማትም ሊያግዛትም የተነሣ አንድ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ አዝኖ ከንፈሩን መጠጠ፤ ያ ከንፈር ግን አጥንት ሲመጥጥ የዋለ ከንፈር ነበር። የመሬቱ ክርክር ገና አላለቀም። ልጅቷ ግን ጎመንም ቢሆን ከእናቷ ጋር ትበላለች።

አየህ ልጄ፣ አንተ የጠየቅኸኝ ልጅቷ ትጠግባለች ብለህ ነው። ጥጃ ጠገበ አልጠገበ ለአላቢው ምኑ ነው? እሱ የሚፈልገው ወተቱን ነው። ያንተም ሀብታም የልጅ ፍቅር ይዞት ቢሆን ኖሮ እናቲቱን ከነልጇ በረዳ ነበር፤ ጎተራው ለሁለት አፍ አይጠብበትም። ልጅን ከእናቷ ነጥቆ ማጉረስ ማሳደግ አይደለም፣ በልጅ እናትን ማለብ ነው! ሰው ደግሞ ላም ብቻውን አያልብም፤ ጥጃውን የሚይዝለት ይፈልጋል። ነገ ጠቦቱ ታርዶ ስትጠራ ለሽምግልና እንዳይመስልህ። ጥጃ እንድትይዝለት ነው።